ከእኔ ቀጥሎ ለሚገባው
(ኪርጊዝስታን፣ ከናሪን በላይ ባለች መንደር፣ በእንግዳ ክፍል ጠረጴዛ ላይ የተተወ)

ቁልፉ ከጡቡ ሥር፣ በጨርቅ ተጠቅልሏል፤
ሁለቴ አዙረው፤ በአንዱ ግን ያታልላል፤
ከዚያ በትከሻህ ገፋ አርገው በቀስታ፣
ቡሩልቻ ታች ናት፣ ገና አሁን ተኝታ።

ስሜን አታውቀውም፤ እኔም ያንተን አላውቅ፤
ግን ባለ አንድ ወንበር ነን፤ ያንተም ወገብ ይወቅ፦
ግራ እግሩ አጭር ነው፤ ካርቶን አለ ከሥሩ፤
እንዳትጠርገው አደራ፣ እሱ ነው ሚስጥሩ።
(«አንተ» እያልኩ ብጽፍም፣ ሴት ከሆንሽ ላንቺም ነው፤
ወንበሩ አያዳላም፣ የሁሉን ወገብ ነው የሚያደቀው።)

ሶኬቱ ሁለት ነው፤ የመስኮቱን ተወው፣
ኮምፒውተርህን ሳይሆን ጣትህን ነው የሚልሰው።
የራስጌው ደግ ነው፤ ማታ ብቻ ያኮርፋል፣
ሻይ ሲጥድ መንደሩ፣ አምፖሉም ያንቀላፋል።

ሲም ካርድ ከዚህ አትፈልግ፤ ገና ናሪን ሳለህ፣
ከመናኸሪያው ጎን፣ ፓስፖርትህን ይዘህ፣
ሁለት ዓይነት ግዛ፤ አንደኛው ቢሞትብህ፣
ሌላው እያቃሰተ ይደርሳል ለነፍስህ።

አለቃህ ስትነቃ እዚህ ፀሐይ ጠልቃ፣
ውሻ ሁሉ ይወጣል፤ ይጮሃል በጨረቃ።
ድምፅህን ዝጋው፤ ብትረሳም ግድ የለም፣
የኔዋ አለቃ ለምዳ፣ ስብሰባ አትጀምርም፣
የጎረቤቱን ውሻ ደህንነት ሳትሰማ።
(አክታሽ ነው ስሙ፤ አንካሳ ነው፣ ግን ባለ ግርማ።)

ሚኒባስ ጠዋት ነው፤ ሰዓቱ ግን ሰው ነው፣
አሥራ ስድስት ሲሞላ፣ ያኔ ነው የሚጓዘው።
አሥራ ስድስተኛው አንዳንዴ በግ ይሆናል፤
እግርህን ሰብሰብ አርግ፤ እሱም ትኬት ከፍሏል።

ዛሬ ደርሰህ ነገ አቀበት አትድፈር፤
ተራራ ለችኩል ራስ ምታት ነው የሚያበድር።
ሁለት ቀን ተጋደም፤ ውኃ ጠጣ፣ ሻይ ጠጣ፣
ሳንባህ ከኋላ ነው፣ በእግሩ እስኪመጣ።

ፈረስ ከፈለግህ ከቱርጉንባይ ተከራይ፤
ዋጋውን ግን ጠዋት ቁረጥ፣ ሰው ባለበት፣ በአደባባይ፤
ግራጫውን እንጂ ቡላውን አይስጥህ፤
ቡላው ወንዝ መሀል ቆሞ ያስባል፣ አንተን ተሸክሞህ።
የመድን ወረቀትህንም እስከ ግርጌው አንብብ፤
«ፈረስ» የሚል ከሌለ፣ በእግርህ ሂድ፣ ታዘብ።

አሁን ደግሞ ስማኝ፤ ይህን ማንም አልነገረኝ፦
በመስከረም ማለቂያ ነፋስ ምሰሶ ጥሎ፣ አራት ቀን ዓለም አጣኝ።
ሥራዬ ለማክሰኞ ነበር፤ ስልኬን ወደ ሰማይ
ዘርግቼ ከጉብታ ጉብታ ስሮጥ፣ እንደ ጸሎተኛ፣ እንደ ባለ ጉዳይ፣
ቡሩልቻ አየችኝ። መንሽ ሰጠችኝ፣ ባለ ሦስት ጥርስ፦
«ዝናብ መጣ፤ ድርቆሹ እንዳይረጥብ፤ ያንተው ነገር ቆይቶ ይድረስ።»
ከሰባት ጎረቤት ጋር ከመርን፤ ማንም ሙያዬን አልጠየቀኝ፤
መዳፌ ሲላጥ ብቻ፣ ልጇ ኡርማት ጓንቱን አውልቆ ሰጠኝ።
ዝናቡ ማታ ወረደ።
ድርቆሹ ከጣራ በታች፣
እኔ ከድርቆሹ በታች፣
ስልኬ የት እንደነበር እስከ ዛሬ አላስታውስም።

ዓርብ መስመሩ ተመለሰ። መቶ አሥራ ሁለት መልእክት፤ አንዱ ብቻ መልስ ፈለገ፤
አለቃዬ፦ «አክታሽስ? በዚያ ነፋስ እንዴት አደረገ?»
ከደሞዜ ግን ሁለት ቀን ቆርጣለች፤ ተረት እንዳይመስልህ፤ ስለዚህ፦
ሥራህን ሁለት ቀን አስቀድመህ ላክ፣ ሰማዩ ገና ሳይቆጣህ።

ጥሬ ገንዘብ ያዝ፤ ማሽኑ በመኪና ሦስት ሰዓት ነው፤
ለቡሩልቻ ከረሜላ አታምጣ፤ ያጣችው የማንበቢያ መነጽር ነው፤
መርፌ ስታሾልክ አይቻታለሁ፤ ክሩን በአየር ነው የምትወጋው።

ስትሄድ ቁልፉን መልሰው፤ ከጡቡ ሥር፣ በጨርቁ።
ከዚህ ወረቀት ጀርባ ቦታ አለ፤ ያላየሁትን ጻፍ፣
ሌሎችም እንዲያውቁ።
ካርቶኑን ግን አትንካ።